ረዶን ላይ ጀልባ ተከራይቶ ወደ ማሌትሯ፦ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

ፈረንሳይ ላላችሁ፣ በተለይ ፓሪስ ሆናችሁ ዕረፍት በመጣ ቁጥር ኒስ ኒስ ለምትሉ ነው። በምዕራብ ፈረንሳይ ባለው የብሪታኒ ክልል ውስጥ ረዶን የምትባል ከተማ አለች፣ ከፓሪስ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እዛ ጀልባ ተከራይተን በናንት ብሬስት ካናል፣ ማለትም ከናንት ወደ ብሬስት ወደብ በተሠራው የውሃ መንገድ ወጣን። ባጭሩ ጀልባው ደህና ነው፣ ኪራዩ ያናድዳል፣ መድረሻችንን ትንሿን ከተማ ማሌትሯን ግን ሳታዩ እንዳትቀሩ።

መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም። አከራዩ መሪውንና ሞተሩን ትንሽ ያሳያችኋል፣ ከዛ በቃ ሂዱ ነው። አልጋ አለው፣ ሻወር አለው፣ ምድጃ አለው። ፍጥነት ካላችሁ ግን እርሱት፣ ዳር ላይ የሚሮጥ ሰው እንኳን ጥሏችሁ ይሄዳል፣ በዛ ላይ በየቦታው ኤክሉዝ የሚሏቸው የውሃ በሮች አሉ፣ ትገባላችሁ፣ ከኋላ ይዘጋል፣ ከፊት ውሃ ይለቀቅና ጀልባው ከነሰዉ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከዛ ነው የፊቱ በር የሚከፈተው። ገመዱን ምሰሶው ላይ አዙራችሁ በእጅ ያዙት እንጂ እንዳታስሩት፣ በተለይ ስትመለሱ፣ ምክንያቱም ውሃው ሲወርድ ጀልባው ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። በሮቹን ሰው ነው በእጁ የሚከፍተው፣ እና ምሳ ሰዓት ከደረሰ ናፖሊዮን ራሱ ቢመጣ የሚከፍትለት የለም 😂 ካናሉን ያስጀመረው ደሞ እሱ ነው፣ የእንግሊዝ መርከቦች ባህሩን ሲዘጉበት በመሀል አገር ወደ ብሬስት ለማለፍ። 364 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ያለቀው በፈረንጆች 1842 እሱ ከሞተ በኋላ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ ባቡር መጣ፣ በኋላ ደሞ የጌርሌዳን ግድብ ተሠርቶ ለሁለት ቆረጠው። ስለዚህ በጀልባ ብሬስት እደርሳለሁ እንዳትሉ።

አሁን ማሌትሯ። ኡስት ወንዝ ዳር ያለች 2,500 ሰው ገደማ የሚኖርባት ትንሽዬ ከተማ ናት። ምክሬ ረቡዕ ማታ ድረሱ፣ ምክንያቱም ሐሙስ ጠዋት ገበያ ነው፣ ቺዝ፣ ማር፣ አትክልት፣ ሲድር (የፖም መጠጥ)፣ ሽማግሌዎቹ ደሞ ከመግዛት ይልቅ ቆሞ ማውራት ነው ሥራቸው፣ አንዳንዶቹ ጋሎ የሚባለውን ያገሩን ቋንቋ ያወራሉ። ቤተክርስቲያኑ አጠገብ ያሉትን የድሮ የእንጨት ቤቶች ቀና ብላችሁ እዩ፣ ባግፓይፕ (ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) የሚነፋ ጥንቸልና የምትፈትል አሳማ ተቀርጾባቸዋል፣ ማን ምን አስቦ እንደቀረጸው እንጃ ግን እኔ ከቤተ መንግሥት ይልቅ እሱን ወደድኩት (ዦስላ ከተማ ያለው የሮአን መሳፍንት ግንብ ያምራል፣ ግን ሰው በሰው ነው)።

ምግብ፦ ጥቁር ጋሌት የሚሉትን ስስ ቂጣ ብሉ፣ ሳራዛን ወይም "ጥቁር ስንዴ" ከሚሉት እህል የሚጋገር። መልኩን አይታችሁ እንጀራ ነው እንዳትሉ፣ አይኑም የለም ጠርዙም ኩርምት ኩርምት ይላል። ኮምፕሌት ካላችሁ የአሳማ ሥጋ ይመጣል፣ ለማትበሉ "ሳን ጃምቦን" (ያለ አሳማ ሥጋ) በሉ፣ እንቁላልና ቺዙ ይበቃል። ቅቤያቸው ጨው አለው፣ ድሮ ንጉሡ ጨው ላይ የጣለው ግብር ብሪታኒን አይነካም ነበር፣ ስለዚህ ጨው ርካሽ ነበር፣ ልማዱም እስካሁን አለ።

ጊዜ ካላችሁ ቅርብ ያለው ሳን ማርሴል የተቃውሞ ትግሉ ሙዚየም አለ፣ ሰኔ 1944 በፈረንጆች የሀገሬው አርበኞችና ፓራሹተኞች ጀርመንን የገጠሙበት ቦታ ነው። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ እሱን አትዝለሉት።

ያናደደኝ ኪራዩ ነው። በበጋ ሳምንቱ ከሺህ ዩሮ በላይ፣ እሺ ይሁን፣ ግን ነዳጅ በሞተር ሰዓት ለብቻ፣ ጽዳት ለብቻ፣ ሳይክል ለብቻ፣ ማስያዣውም ቀላል አይደለም። ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ለስድስት ሰው ከተካፈላችሁት ያዋጣል፣ ለሁለት ሰው ግን ብር ማባከን ነው፣ ሳይክል ተከራዩና በካናሉ ዳር ባለው መንገድ ሂዱ፣ ሜዳ ነው፣ መኪና የለም፣ የምሳ ሰዓት በርም አይጠብቃችሁም።