ከፎስተር ኬር ሲወጡ፦ የቼፊ ፕሮግራም፣ የኢቲቪ ገንዘብና የኤፍዋይአይ ቫውቸር ግምገማ

ከፎስተር ኬር (ከወላጅ የተለየ ልጅ በመንግሥት ኃላፊነት ከሚያድግበት ሥርዓት) ለሚወጡ ወጣቶች የተዘጋጀው የቼፊ ፕሮግራም ሕግም በጀትም አለው፤ በሁሉም የአሜሪካ ስቴቶች ይሠራል። የሚጎድለው ወጣቱን ፈልጎ ማግኘት ነው። ከሚሰጣቸው ነገሮች አብዛኞቹ ቀን ተቆርጦላቸዋል፤ ቀኑ ካለፈ ማስረጃው የቱንም ያህል የተሟላ ቢሆን በሩ ይዘጋል። ስለዚህ አገልግሎቱን ስንመዝን ከዶላሩ መጠን ይልቅ መቼና በማን በኩል እንደሚጠየቅ ላይ ብዙ እንቆያለን።

ስሙ የመጣው ከሮድ አይላንዱ ሴናተር ጆን ቼፊ ነው። እሳቸው ካረፉ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በ1999 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሕጉ ጸደቀ። ገንዘቡ ከፌደራል መንግሥት ወደ ስቴት ይወርዳል፤ ከወጪው 20 በመቶው የስቴቱ ድርሻ ነው። ከዚያ በኋላ ካውንቲው ራሱ ወይም በኮንትራት የያዘው ድርጅት ያከፋፍለዋል። በአንዱ ካውንቲ በሳምንት ውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ በጎረቤቱ ሦስት ወር የሚፈጀውም ለዚህ ነው። ከ14 ዓመቱ ጀምሮ በፎስተር ኬር የቆየ ልጅ እስከ 21፣ በአንዳንድ ስቴቶች ደግሞ እስከ 23 ዓመቱ ይገለገልበታል። 16 ዓመት ከሞላው በኋላ በጉዲፈቻ ወይም በዘመድ አሳዳጊነት የወጣም ይካተታል። ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ልጁ «አሁን ቤተሰብ አለው» ተብሎ መብቱ ሳይጠየቅ ይቀራል።

ዋናው ፈተና ከመውጫው በፊት ያሉት 90 ቀናት ናቸው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የሽግግር ዕቅድ መዘጋጀት እንዳለበት ሕጉ ያዛል፤ ዕቅዱም በወጣቱ ፍላጎት የሚመራ ይሁን ይላል። ቤት፣ የጤና መድን፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ አማካሪና ቀጣይ ድጋፍ በዝርዝር ይጻፉበታል። በተግባር የሚታየው ግን ኬዝ ወርከሩ (የልጁን ጉዳይ የሚከታተለው ሠራተኛ) ቀድሞ የሞላውን ቅጽ ወጣቱ እንዲፈርምበት ማቅረብ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ዕቅድ ለመለየት አድራሻ፣ የስልክ ቁጥርና ቀን መኖሩን ማየት ይበቃል። «መኖሪያ ቤት ይፈልጋል» የሚል መስመር ዕቅድ አይባልም። የማመልከቻው ቀን፣ የተቀባዩ ስምና መልስ የሚጠበቅበት ቀን አብሮት ሊጻፍ ይገባል። ሌላም ብዙ የማይነገር መብት አለ፦ 14 ዓመት የሞላው ልጅ በዕቅድ ስብሰባው ላይ እስከ ሁለት ሰው ራሱ መርጦ ማስገባት ይችላል። ሁለቱ አሳዳጊው ወይም ኬዝ ወርከሩ መሆን አይችሉም። አስተማሪ፣ አሠልጣኝ፣ አክስት፣ የእምነት ቦታ ሽማግሌ ይሆናል። ስብሰባው ላይ የተባለውን ከዓመት በኋላ የሚያስታውሱለት እነዚህ ናቸውና በደንብ አስቦ ይምረጣቸው።

በ18 ዓመት መውጣት ግዴታ ነው ብሎ ማመን ከስህተቶች ሁሉ ከባዱ ነው። በ2008 የወጣው ሕግ ስቴቶች ፎስተር ኬርን እስከ 21 ዓመት እንዲያራዝሙ በር ከፍቷል፤ ብዙዎቹም አራዝመዋል። ለመቆየት ከአምስት ነገሮች አንዱን ማሟላት ይበቃል፦ ሁለተኛ ደረጃን እየጨረሱ መሆን፣ ኮሌጅ ወይም የሙያ ትምህርት፣ በወር ቢያንስ 80 ሰዓት ሥራ፣ ለሥራ የሚያዘጋጅ ሥልጠና፣ ወይም እነዚህን ለማድረግ የማያስችል የጤና ችግር። ወጣቱ ነፃነት ናፍቆት በልደቱ ማግስት ፈርሞ ሊወጣ ይፈልጋል፤ ፍላጎቱ ይገባናል። ቢሆንም ከመፈረሙ በፊት ጠበቃውን «ብመለስ ትቀበሉኛላችሁ? በምን ሂደት?» ብሎ መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ መያዝ አለበት። ብዙ ስቴቶች 21 ዓመት ሳይሞላው መመለስን ይፈቅዳሉ።

ወደ ሰነዶቹ እንምጣ። ቢያንስ ስድስት ወር በፎስተር ኬር ቆይቶ በ18 ዓመቱ ወይም ከዚያ በኋላ የሚወጣ ወጣት የልደት ሰርተፊኬት፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የጤና መድን መረጃ፣ የሕክምና መዝገቡ ኮፒ፣ መንጃ ፈቃድ ወይም የስቴት መታወቂያ፣ እንዲሁም በፎስተር ኬር ማደጉን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ተሰጥቶት መውጣት አለበት። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ኋላ ግን ኮሌጁም፣ ሜዲኬዱም (የመንግሥት የጤና መድን)፣ የሃውሲንግ ቢሮውም የሚጠይቁት እሱን ነው። የልደት ሰርተፊኬቱ ማኅተም ያለበት ዋናው መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ፎቶ ኮፒ ብዙ ቦታ አይሠራም። ከውጭ አገር የመጡ ልጆች ደግሞ ስማቸው በየወረቀቱ በተለያየ ፊደል ይጻፋል፣ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፣ የልደት ቀኑም ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ ይዛባል። ይህን ከ18 ዓመት በፊት ማስተካከል ይቀላል፤ ፍርድ ቤቱም ጠበቃውም ገና በእጅ አሉና። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ልጅ ካለ ጉዳዩ ይበልጥ ያስቸኩላል። በወላጅ ለተጣሉ ወይም ለተበደሉ ስደተኛ ልጆች የተዘጋጀው ልዩ የኢሚግሬሽን ከለላ 21 ዓመት ሳይሞላ በአይ-360 ቅጽ ይጠየቃል፤ ከዚያ በፊት ግን የስቴት ፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል፣ ፍርድ ቤቱ ደግሞ በብዙ ቦታ 18 ሲሞላ ሥልጣኑ ያበቃል። ለዚህ የኢሚግሬሽን ጠበቃ በ16 ዓመት ቢፈለግ እንኳ ቀደመ አይባልም።

የኢቲቪ ገንዘብ፣ ማለትም ለትምህርትና ለሥልጠና የሚሰጠው ድጋፍ፣ ከአገልግሎቱ ሁሉ በግልጽነቱ የተሻለው ነው። በዓመት እስከ 5,000 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ አምስት ዓመት፣ 26 ዓመት እስኪሞላ ይሰጣል፤ አምስቱ ዓመታት ተከታታይ መሆን የለባቸውም። ለዩኒቨርሲቲ ብቻ ሳይሆን ለሙያ ትምህርትም ይውላል፤ ኪራይ፣ መጽሐፍና መጓጓዣ ይሸፍናል። የሚሰናከለው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በየዓመቱ አዲስ ማመልከቻ መጠየቁ ነው፤ የስቴቱ በጀት ሲያልቅ የዘገየ ሰው ባዶ እጁን ይቀራል። ሁለተኛው ፋፍሳ፣ የፌደራል የተማሪ ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ፣ ነው። ፋፍሳ ላይ 13 ዓመት ከሞላህ በኋላ በፎስተር ኬር ነበርክ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ «አዎ» ከሆነ ተማሪው ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል፤ የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ጥያቄውን ሳያነቡ የሚያልፉ አሉ፤ የአሳዳጊዎቻቸውን ገቢ የሚያስገቡም አሉ። ፎስተር አሳዳጊ በፋፍሳ ወላጅ አይደለም። ይህ ስህተት ከፔል ግራንት (ከማይመለሰው የፌደራል የኮሌጅ ድጋፍ) ብዙ ሊያስቀር ይችላል፤ ለማረምም የትምህርት ቤቱን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ደጅ መጥናት ይጠይቃል።

ቤት ላይ ሲደረስ ነገሩ ይከብዳል። በ2019 የተጀመረው የኤፍዋይአይ ቫውቸር (መንግሥት የኪራዩን ከፊል የሚከፍልበት ድጋፍ) ከ18 እስከ 24 ዓመት ላሉ፣ ከፎስተር ኬር ለወጡ ወይም በ90 ቀናት ውስጥ ለሚወጡ፣ ቤት አልባ ለሆኑ ወይም ለዚያ ለተጋለጡ ወጣቶች ነው። ለ36 ወራት ይሰጣል፤ የሚማር፣ የሚሠራ ወይም የሚሠለጥን ሰው እስከ 24 ወር ይጨመርለታል፤ ከስድስት ዓመት በታች ልጅ የምታሳድግ እናትም ያለዚህ ቅድመ ሁኔታ ጭማሪውን ልታገኝ ትችላለች። ተከራዩ የሚከፍለው ባብዛኛው ተቀናሾች ከወጡለት ገቢው 30 በመቶውን ነው። እስከዚህ ድረስ በጣም ጥሩ ነው። እንቅፋቱ ወጣቱ ራሱ ማመልከት አለመቻሉ ነው። የሕፃናት ደኅንነት ቢሮው ለአካባቢው የሃውሲንግ ባለሥልጣን ሪፈራል መጻፍ አለበት፤ ሁለቱ ቢሮዎች ስምምነት ከሌላቸው ቫውቸሩ በዚያ አካባቢ የለም ማለት ነው። ስለዚህ ለሃውሲንግ ባለሥልጣኑ ተደውሎ ስምምነቱ መኖሩ ይጣራል፤ ካለ ለኬዝ ወርከሩ በኢሜል የሪፈራል ጥያቄ ይጻፋል። በቃል የተጠየቀ ሪፈራል ይጠፋል።

ቫውቸሩ ከተገኘም ሥራው ገና ነው። ቤት ለመፈለግ የሚሰጠው ጊዜ ቢያንስ 60 ቀናት ነው፤ በብዙ ከተሞች ይህ አይበቃምና ቀኑ ከማለፉ በፊት ማራዘሚያ በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። የሚከራየው ቤት ኢንስፔክሽን ማለፍ አለበት፤ ከማለፉ በፊት ሊዝ (የኪራይ ውል) ፈርሞ የገባ ወጣት ያ ኪራይ በራሱ ላይ ይቀራል። ዲፖዚቱን (የቤቱን መያዣ ገንዘብ) ቫውቸሩ አይከፍለውም። ለዚህ የቼፊ የመኖሪያ ድጋፍ አለ፤ ስቴቱ ከቼፊ በጀቱ እስከ 30 በመቶ በ18 ዓመታቸው ወይም ከዚያ በኋላ ለወጡት ለኪራይና ለመሳሰሉት ሊያውለው ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሳምንት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ቤቱ ተገኝቶ ዲፖዚት በመዘግየቱ ብቻ የተቃጠሉ ቫውቸሮች አሉ። ገቢ ሲቀየርም ወዲያውኑ ማሳወቅ ግድ ነው። ያልተነገረ ደመወዝ ኋላ እንደ ዕዳ ይመጣል፣ ቫውቸሩንም ያስነጥቃል።

አከራይ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ ክሬዲት፣ ማለትም የብድርና የዕዳ ታሪክ፣ ነው። ከ14 ዓመት ጀምሮ የሕፃናት ደኅንነት ቢሮው በየዓመቱ የልጁን የክሬዲት ሪፖርት በነፃ ማውጣትና ስህተት ካለ ለማረም መርዳት አለበት። የእነዚህ ልጆች የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በብዙ እጅ ያልፋል፤ በስማቸው መብራት የተከፈተ፣ ስልክ የተገዛ፣ ብድር የተወሰደ ይገኛል። ሪፖርቱ ከሦስቱም የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች፣ ከኢኩዊፋክስ፣ ከኤክስፒሪያንና ከትራንስዩኒየን መውጣት አለበት፤ በአንዱ የሌለ ዕዳ በሌላው ሊኖር ይችላል። ዕዳ ከተገኘ ያን ጊዜ ልጁ ለአካለ መጠን እንዳልደረሰ የሚያሳየው የልደት ሰርተፊኬት ከተቃውሞ ደብዳቤው ጋር ይላካል፤ ድርጅቱ ባብዛኛው በ30 ቀናት ውስጥ አጣርቶ መመለስ አለበት። በ17 ዓመት የተጀመረ እርማት ለመጀመሪያው ሊዝ ይደርሳል።

ሜዲኬድን ሳንጠራጠር እናመሰግናለን። በ18 ዓመቱ በፎስተር ኬርና በሜዲኬድ ውስጥ የነበረ ወጣት እስከ 26 ዓመቱ ይሸፈናል፤ ገቢው አይጠየቅም። ከጥር 2023 ወዲህ 18 የሞላቸው ደግሞ ወደ ሌላ ስቴት ቢዛወሩም መብታቸው ይከተላቸዋል። ሆኖም የፎስተር ፋይሉ ሲዘጋ ሽፋኑ አብሮ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ሲደወል «የቀድሞ የፎስተር ኬር ወጣት በሚለው ምድብ መዝግቡኝ» ማለት ያስፈልጋል፤ በተራው የገቢ መስፈርት እንዲያመለክት የሚልክ ሠራተኛ ተሳስቷል። አድራሻ በተቀየረ ቁጥር ማሳወቅም አይዘንጋ፤ የእድሳቱ ደብዳቤ የሚሄደው ወደ አሮጌው ቤት ነው። የዘወትር መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ከመውጣቱ በፊት ሪፊል አስሞልቶ፣ አዲስ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዞ ይውጣ። ኤስኤስአይ (በአካል ጉዳት ወይም በጤና ችግር ምክንያት የሚሰጥ ወርሃዊ የፌደራል ድጋፍ) የሚያገኝ ከሆነም በ18 ዓመቱ ጉዳዩ በአዋቂ መስፈርት እንደገና ይታያል፤ የሐኪም ማስረጃው ቀድሞ ይሰብሰብ።

የሕይወት ክህሎት ትምህርቱ ከሁሉም ደካማው ክፍል ሆኖ አግኝተነዋል። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በወረቀት ላይ በጀት መሙላት፣ ሰርተፊኬት መቀበል፣ ከዚያ ማለቅ። ኬሲ ላይፍ ስኪልስ የተባለው ነፃ መመዘኛ ወጣቱ የቱ ላይ እንደሚቸገር ለማየት ይጠቅማል፤ ውጤቱ ግን ፋይል ውስጥ መቅረት የለበትም። ባንክ ሄዶ የራሱን ሂሳብ ይክፈት፣ ሊዝ ከአንድ አዋቂ ጋር መስመር በመስመር ያንብብ፣ ለሐኪም ራሱ ደውሎ ቀጠሮ ይያዝ። አሳዳጊዎች ይህን በቤት ውስጥ ከማንኛውም ክፍል በተሻለ ማስተማር ይችላሉ፤ ልጁ ሲሳሳት ከጎኑ ናቸውና። ከ16 ዓመቱ ጀምሮ ስልኩን ሰጥተውት፣ እነሱ አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ እሱ ይደውል።