ዴቭፒ፦ ኢንተርኔት ሲጠፋም የሚሠራ የፓይተን ጥቅል ማከማቻ

ድሬዳዋ ሆናችሁ በፓይተን የምትሠሩ ከሆነ ዴቭፒን ሞክሩት። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። እኛ ሳቢያን ባለው ቢሯችን አንድ ያረጀ ዴስክቶፕ ላይ ጭነነዋል፤ አንዱ ፓይፒአይ ከሚባለው የፓይተን ጥቅሎች (ሌሎች የጻፏቸው ዝግጁ ኮዶች) የኢንተርኔት ማከማቻ ያወረደው ጥቅል እዚያው ይቀመጣል፣ ቀጥሎ የፈለገው ሰው ከቢሮው ኔትወርክ ይወስደዋል፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራ አይቆምም። የዳታ ወጪ ለሚከብደው ቡድን ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ግን በጣም የወደድኩት ፍለጋውን ነው። «ፒፕ ሰርች» የሚባለው የጥቅል መፈለጊያ ትዕዛዝ በፓይፒአይ ላይ መሥራት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነው፤ ሰርቨሩ ጫናውን አልቻለም። ዴቭፒ-ዌብ የሚባለውን ተጨማሪ ስትጭኑ ግን ዴቭፒ ላይ ያስገባችኋቸውን የራሳችሁን ሞጁሎች በስም ብቻ ሳይሆን በመግለጫቸውና አብራችሁ ባስገባችሁት ሰነድ ውስጥ ባለ ቃልም ታገኛላችሁ። አዲስ የገባ ልጅ «የኢትዮጵያን ዘመን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ነገር ጽፈን ነበር እንዴ?» ብሎ ሰው ከማስቸገር ራሱ ይፈልጋል። በጣም ተመችቶናል።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ዴቭፒ-ኢኒት ብላችሁ ታዘጋጁታላችሁ፣ ሰርቨሩን ስታስነሱት በ3141 ፖርት ይከፈታል። መጀመሪያ ላይ የፓይፒአይን የስም ዝርዝር ሲያደራጅ ማሽኑን ያስጨንቃል፤ በድሬ ሙቀት ማታ በረድ ሲል ብታስጀምሩት ይሻላል። የዴቭፒ-ዌብ ገጽ ውበት የለውም፣ አዘጋጆቹ ቢሠሩበት ደስ ይለኛል። «ቮላታይል» የሚለውን ማስተካከያ ግን ለተለቀቁ ሥራዎች የግድ አጥፉት፣ አለበለዚያ አንዱ በዚያው የቨርዥን ቁጥር ሌላ ፋይል ይጭንበታል። ባክአፑን በዴቭፒ-ኤክስፖርት አውጥታችሁ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።