ምስጋናም ጥቆማም፦ ልጆቼን ሳይንስ በእጃቸው ላሰራልኝ ልጅ

ሰላም መምህራን፣ ሰላም ወላጆች። አዲስ አበባ መንግስት ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ፣ ላብራቶሪ የሚባል ነገር የለንም፣ ክፍሌ ውስጥ ደሞ ከ60 በላይ ልጅ ነው ያለው። ይሄን ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግነው ብቀር ቅር ይለኛል፣ እግረ መንገዴን ደሞ እናንተም ብትጠሩት ብዬ ነው።

ሙያው የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው፣ ቲቪ ቴፕ ምናምን ይሰራል፣ ከተቃጠለ እቃ ላይ የፈታውን ዲናሞ፣ ሽቦ፣ ኤልኢዲ (ትንንሿ መብራት) እያጠራቀመ ትምህርት ቤት እየሄደ ልጆችን ያሰራበታል። እኛ ከዚ በፊት ከሌላ ቦታ "የሳይንስ ሾው" አስመጥተን ነበር፣ ጭሱም ጭብጨባውም ነበር፣ ልጆቹ ግን ቁጭ ብለው ከማየት ውጪ አንድ ነገር አልነኩም፣ እኔም በነጋታው ልደግመው የምችለው ነገር አልቀረልኝም።

ይሄኛው ራሱ እቃውን ብዙም አይነካም! አምስት አምስት አድርጎ ይመድባቸዋል፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ሽቦና ኤልኢዲ ይሰጣቸውና "በሉ አብሩት" ብሎ ዞር ይላል። አንዱ ቡድን እምቢ ሲለው እኔ ልረዳ ብድግ ስል በአይኑ አስቀመጠኝ ሃሃ። ኤልኢዲ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚበራው፣ 1.5 ቮልት ያላት አንድ ድንጋይ ደሞ ብቻዋን አትበቃውም፣ ሁለቱን ቀጥለው ሽቦውን ገልብጠው ራሳቸው ደረሱበት፣ ጩኸቱ ዳይሬክተሯን አስመጣ።

እኔ ግን በጣም የወደድኩት የሃይላንዱን ነው። ጎኑ ላይ ከላይ ከመሃል ከስር ሶስት እኩል ቀዳዳ ይበሳና ውሃ ይሞላል፣ ከስር ያለው ነው በሀይል የሚወረወረው፣ ምክንያቱም ከላዩ ያለው ውሃ ሁሉ ይጫነዋል። ከዛ ህዳሴ ግድብን አነሳላቸው፣ 145 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ከስር ለምን በጣም መስፋት እንዳለበት አንዷ ልጅ ከሱ ቀድማ ተናገረች። እቤት የምትሞክሩ ካላችሁ ግን ሃይላንዱን ወንበር ላይ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ መሬት ላይ ካስቀመጣችሁት የመሃለኛው ቀዳዳ ውሃ ራቅ ብሎ ሊያርፍ ይችላልና ልጆቹ ይምታታባቸዋል፣ ይሄን እኔም ከሱ ነው የሰማሁት።

በሲሪንጅና በግሉኮስ ቱቦ የሚሰራ በውሃ ግፊት የሚነሳ ክሬንም አለው፣ ሚስማር ላይ ሽቦ ጠምጥሞ ማግኔት ማድረግም አለ (የሽቦው ጫፍ ላይ ያለው ቫርኒሽ ካልተፋቀ አይሰራም፣ ቶሎም ስለሚሞቅ ረጅም ሰአት አታገናኙት)። ሲሪንጁ አዲስ ነው፣ መርፌ የለውም፣ ሶኬት ደሞ ጭራሽ አያስነካቸውም፣ ሁሉም በድንጋይ ነው።

ጉድለት ካላችሁኝ፣ ወረቀት ላይ ሰነፍ ነው። ልጆቹ ያዩትን የሚመዘግቡበት ሰንጠረዥ አያዘጋጅም፣ እሱን እኔ ነኝ የሰራሁት፣ የሚፈልግ ካለ እልክለታለሁ። አንድ ፔሬድም አይበቃውም፣ ሁለት ተከታታይ ፔሬድ አስፈቅዱለት።

ክፍያ ብለን ስንጠይቀው የእቃና የትራንስፖርት ብቻ ነው ያለን፣ እባካችሁ እናንተ ጨመር አድርጉለት፣ ሱቁን ዘግቶ ነው የሚመጣው። ስልኩን እዚ አላወጣም፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝና እሱን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ባዶ ሃይላንድ ግን ካሁኑ ማጠራቀም ጀምሩ፣ ለአንድ ክፍል ብዙ ነው የሚፈልገው።