የምድር ራዳር ወይስ ታርጌቲንግ ፖድ? አውሮፕላን ከመግዛታችሁ በፊት

ዲሲኤስ ወርልድ የሚባለውን የጦር አውሮፕላን ሲሙሌተር የጀመረ ጓደኛ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ "መሬት ለመምታት ራዳር ያለውን ልግዛ ወይስ ፖድ ያለውን?" ደጋግሜ ከምመልስ ልጻፈውና ልገላገል። ፖድ ያለውን። ታርጌቲንግ ፖድ ማለት አውሮፕላኑ ላይ የሚሰቀል፣ ካሜራና ሌዘር ያለው ዒላማ መፈለጊያ ነው፤ የምድር ራዳር ደግሞ መሬቱን በሬዲዮ ሞገድ የሚስል ነው። ራዳሩ ይቆያል።

መጀመሪያ ዋጋ። ራዳርም ፖድም ለብቻቸው አይሸጡም፤ የምትገዙት አውሮፕላኑን ነው። ኤ-10ሲ 2 ፖድ እንጂ ራዳር የለውም። ኤፍ/ኤ-18ሲ እና ኤፍ-16ሲ ሁለቱም አላቸው። መደበኛ ዋጋቸው ግን እኩል ነው፣ እያንዳንዳቸው ወደ 80 ዶላር። "ታዲያ በአንድ ዋጋ ሁለቱን የሚሰጠኝን ለምን አልወስድም?" ትሉ ይሆናል። ውሰዱ፣ አውሮፕላኑን ከወደዳችሁት። ራዳር አለው ብላችሁ ብቻ ግን አትውሰዱ። ደግሞ 80 ዶላር ሙሉውን የሚከፍል ሰው የቸኮለ ሰው ነው። ቅናሽ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፤ ግማሽ ዋጋ የሚደርስበትም ጊዜ አለ። ከዚያም በፊት ለ14 ቀን በነፃ መሞከር ይቻላል። ሱ-25ቲ ደግሞ ከነጭራሹ ነፃ ነው፣ ከሲሙሌተሩ ጋር አብሮ ይመጣል። ራዳር የለውም፤ አፍንጫው ላይ ካሜራ አለው፤ ለሌሊት የሚሆን ፖድም ይሰቀልለታል። በካሜራ ዒላማ መፈለግ ይመቻችሁ እንደሆነ ሳንቲም ሳታወጡ በእሱ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ራዳሩ። ምስሉ ፎቶ አይደለም፣ ግራጫ ነጠብጣብ ነው። ድልድይ፣ የአውሮፕላን መንደርደሪያ፣ ባሕር ላይ ያለ መርከብ ፍንትው ብለው ይታያሉ። ከዛፍ ጥግ የቆመ ታንክ ግን አንዲት ነጥብ ናት። ታንክ ትሁን ቦቴ ራዳሩ አይነግራችሁም። ምስሉን ላጥራ ስትሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ማጥሪያው የሚሠራው በዶፕለር ልዩነት ነው፤ ማለትም ነጥቦቹ ወደ እናንተ በሚመጡበት ፍጥነት ልዩነት። ልክ ከአፍንጫችሁ ፊት ያሉ ነጥቦች ሁሉ በተቀራረበ ፍጥነት ስለሚመጡ ሊለያቸው አይችልም፤ ስለዚህ መሃሉ ላይ ምንም የማይታይበት ክፍተት ይቀራል። መፍትሔው ዒላማውን ወደ ጎን ትቶ መብረር ነው። አዲስ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ይሄድና "ራዳሩ ተበላሸ" ብሎ ይደውልልኛል። አልተበላሸም ወዳጄ።

ፖዱ ላይ ሙቀት ታያላችሁ። የሚሠራ ሞተር ከሩቅ ያበራል። መድፉ የቱ፣ የጭነት መኪናው የቱ፣ ቀረብ አድርጋችሁ ትለያላችሁ። ከዚያ ሌዘር አብርታችሁ ጂቢዩ-12 የተባለውን በሌዘር የሚመራ ቦምብ ትለቃላችሁ። ሌዘሩ ቦምቡ እስኪያርፍ ዒላማው ላይ መቆየት አለበት። ወደተሳሳተ ጎን ካጋደላችሁ የራሳችሁ ክንፍ ወይም የሰቀላችሁት የነዳጅ ታንከር ፖዱን ይጋርደዋል፣ ቦምቡም ሜዳ ላይ ይቀራል።

ለራዳሩ ፍትሕ ልስጥ፤ ደመና ሲወርድ ፖድ ዕውር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በዩጎዝላቪያ ዘመቻ በሌዘር የሚመሩ ቦምቦችን የያዙ አውሮፕላኖች በደመና ምክንያት ብዙ ጊዜ ሳይመቱ ተመልሰዋል። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጦርነት ላይ የዋለው ጄዳም የተባለው ቦምብ በጂፒኤስ ስለሚመራ ደመና አላስጨነቀውም። ራዳርና ጄዳም አንድ ላይ ጥሩ ጥንድ ናቸው። ግን ለማይንቀሳቀስ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት የአሜሪካ ኤፍ-15ኢ የጦር አውሮፕላኖች ጥሩ ራዳር ይዘው የኢራቅን ተንቀሳቃሽ የስከድ ሚሳይል ማስወንጨፊያ ሲያሳድዱ ከረሙ። ከጦርነቱ በኋላ በተደረገው ግምገማ በአየር ጥቃት መውደሙ በእርግጠኝነት የተረጋገጠ አንድም ተንቀሳቃሽ ማስወንጨፊያ አልተገኘም። ኢራቆች አስመስለው የሠሩት ማታለያም ነበራቸው።

ስለ ኤፍ-15ኢ ካነሳሁ፣ በሲሙሌተሩ ውስጥ በምድር ራዳር እሱን የሚያህል አላየሁም። ችግሩ እ.ኤ.አ. በ2024 የዚህ አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያና የሲሙሌተሩ ባለቤት በአደባባይ ተጣሉ፣ ሥራውም ቆመ። ሠሪ የሌለው ሞጁል (ለብቻው የሚሸጥ አውሮፕላን ማለት ነው) ነገ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? በግማሽ ዋጋ ብታገኙት እንኳ እኔ አልመክርም።

ፖድ የመረጠ ሰው ደግሞ ጆይስቲኩን ይፈትሽ። ካሜራውን የምታንቀሳቅሱት በአውራ ጣት በምትገፋ ትንሽ ማዞሪያ ነው። የታዋቂ ብራንድ ቅርጽ ገልብጠው በሚሠሩት ርካሾቹ ላይ ቶሎ የምትሞተው እሷ ናት። እጃችሁን ብታነሱም ካሜራው ቀስ እያለ ከታንኩ ላይ ይንሸራተታል። የአንዱን ጓደኛዬን ፈትቼ በኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ስፕሬይ አጸዳሁለት፤ ለጊዜው ዳነ፣ ከዚያ ያው ሆነ። ሲሙሌተሩ ውስጥ ዴድ ዞኑን፣ ማለትም ትንሽ ንቅናቄ የማይቆጠርበትን ክልል፣ ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስታግሳል። ያም ካልሆነ በሞጁሉ ቅናሽ ያተረፋችሁትን ለተሻለ ጆይስቲክ አውሉት።

የመጨረሻው የገንዘብ ጉዳይ፦ "ሁሉም አውሮፕላን ያለበት አካውንት በ30 ዶላር" የሚላችሁን አትስሙ። ሻጩ የይለፍ ቃሉን አስመልሶ ሲወስደው የምትከራከሩበት ማስረጃ አይኖራችሁም። ስቲም በተባለው የጨዋታ መደብር ላይ የገዛችሁትን ወደ ሲሙሌተሩ ሠሪዎች የራሳቸው አካውንት ማዛወር ይቻላል፤ ከእነሱ ቀጥታ የገዛችሁትን ግን ወደ ስቲም መውሰድ አይቻልም። ከመክፈላችሁ በፊት የቱ ጋ እንደምትጫወቱ ወስኑ።