ብረት ሳነሳ የሚዋሸኝ ሰዓት

ይህን ስማርት ሰዓት ከገዛሁ አራት ወር ሆነኝ። ብራንዱን ልተወው። ለእርምጃና ለሶምሶማ አንጀቴን አርሶታል። ብረት ላይ ግን ጉድ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ 45 ደቂቃ ስኳትና ዴድሊፍት የሚባሉ የብረት ልምምዶች ሠራሁ። ሰዓቱ 512 ካሎሪ አቃጥለሃል አለኝ። ማክሰኞ ነውና ጾምም የለም፤ ደስ ብሎኝ ጥብስ አዘዝኩ። ቤት ገብቼ በወረቀት አሰላሁት። ሜት የሚባል መለኪያ አለ፤ ዝም ብለን ስንቀመጥ ከምናወጣው ጉልበት ስንት እጥፍ እንዳወጣን ይናገራል። መካከለኛ የብረት ልምምድ 3.5 ገደማ፣ ጠንካራው 6 ነው። በ70 ኪሎዬና በ0.75 ሰዓት ሳባዛው ከ184 እስከ 315 ካሎሪ መጣ። ጥብሱ ግን አልቋል!

ሰዓቱ የልብ ምት የሚያነበው ቆዳ ላይ ብርሃን እያበራ ነው። ብረቱን ጥብቅ አድርጌ ስጨብጥ ንባቡ ይዘባረቃል። ደግሞም ትንፋሽ ይዞ ከባድ ነገር ማንሳት ልብን ያስደልቃል፤ የምንጠቀመው ኦክስጅን ግን የሩጫን ያህል አይጨምርም። ሰዓቱ ይህን የት ያውቃል? እንደ ሯጭ ይቆጥረኛል። በዙር መካከል ተቀምጬ ስልክ ስነካካ እንኳ!

ባትሪው ሳምንት ይቆያል፣ ማሰሪያውም ላብ ይችላል። ለሯጭ ጓደኛዬ ግዛ ብዬዋለሁ። እኔ ጂም ስገባ ኪሴ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ኪሎና ድግግሞሼን በደብተር እጽፋለሁ።