ቢጫዋ ዲጂታል መልቲሜትር የቤንዚን ፓምፕ ከረንት ለመፈለግ ምን ያህል ትበቃለች?

በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራና በአካባቢው የመለዋወጫ ሱቆች፣ ከፊውዝና ከናስትሮ ጎን ተደርድራ የምትሸጠው ርካሽ ቢጫ መልቲሜትር ብዙ ጊዜ «ዲቲ 830» የሚል ጽሑፍ አለባት። እዚህ የምትገመገመው ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ አልነሳም ሲል፣ ፓምፑም ድምፅ አልሰጥ ሲል፣ ከረንቱ የት ላይ እንደተቋረጠ ለማግኘት።

ፍርዱን እናስቀድም፤ መግዛቱ ያዋጣል። ነገር ግን ከእሷ ጋር ባለ 12 ቮልት፣ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል ከነፖርታ ላምፓውና ከሁለት ሽቦ ጋር ይገዛ። ሜትሯን ብቻ ይዞ የሚሠራ ሰው ጤነኛ ፓምፕ አስወጥቶ ሌላ ሊያስገዛ ይችላል። የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና ጠብቆ መያዝ ግድ ሆኗልና፣ በግምት መለዋወጫ መቀየር ከምንጊዜውም በላይ ይጎዳል።

ችግሩ ከአለካኩ ነው የሚመጣው። ሜትሯ ቮልት ስትለካ የምትስበው ከረንት እጅግ ኢምንት ነው። የዛገ ሶኬት፣ አንድ ክር ብቻ የቀረለት ሽቦ ወይም ኮንታክቱ የተቃጠለ ሪሌ (በትንሽ ከረንት ታዞ ትልቁን ከረንት የሚያገናኝ ማብሪያ) ያንን ኢምንት ያለችግር ያሳልፋል፤ ስክሪኑም 12 ቮልት ያሳያል። ፓምፑ ግን እንደ መኪናው ዓይነት ከ3 እስከ 8 አምፔር ገደማ ይፈልጋል። በዚያ ደካማ ቦታ ላይ ይህን ያህል ከረንት ሲያልፍ ቮልቱ ይወድቃል፣ ፓምፑም አይዞርም። ባለሙያው ሜትሩን አይቶ «ከረንት አለ፣ ፓምፑ ሞቷል» ይላል። 21 ዋቱ አምፖል 1.75 አምፔር ስለሚስብ በእንዲህ ዓይነቱ መስመር ደብዝዞ ይበራል ወይም ጨርሶ አይበራም። በትንሽ ኤልኢዲ የሚሠራው የመፈተሻ እስክሪብቶም እንደ ሜትሯ ነው፤ ለዚህ ሥራ አይታመንም።

ሁለተኛው ስህተት የሚመጣው ከመለኪያው ሳይሆን ከሰዓቱ ነው። እንደ ሱዙኪ ዲዛየር ባሉ መኪኖች ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ለ2 ሰከንድ ያህል ሠርቶ ይቆማል። በብዙ ቶዮታዎች ደግሞ ሞተሪኖው እስኪዞር ድረስ ለፓምፑ ምንም አይላክም። ስለዚህ ቪትዝ ላይ ቁልፍ ከፍቶ ብቻ ለክቶ «የለም» ማለት ከንቱ ነው፤ አንድ ሰው ሞተሪኖውን እያዞረ ሌላው ይለካ።

ከዚያ በፊት ግን የካንዴላውን እሳት ማየት ይገባል። እሳቱም ከጠፋ ነገሩ ከፓምፑ መስመር በላይ ነው፤ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን መዞር የሚያሳውቀው) ምልክት ከጠፋ ወይም ኢሞቢላይዘሩ (የሌባ መከላከያው) ቁልፉን ካላወቀ የሞተሩ ኮምፒውተር የፓምፑን ሪሌ አይስብም። እሳት እያለ ፓምፑ ዝም ካለ ወደ መስመሩ ይገባል።

ሜትሯ የምትደነቀው እዚህ ላይ ነው። 20 ቮልት ዲሲ ላይ አድርጎ ባትሪውን መለካት፤ ሳይሠራ 12.4 እና ከዚያ በላይ፣ ሞተሪኖ ሲዞር ደግሞ ከ10 ቮልት ብዙ ባይወርድ ይመረጣል። ፊውዙን በዓይን አይቶ ማለፍ አይበቃም፤ ሳይነቀል፣ ጥቁሩ ገመድ ባትሪ ኔጌቲቭ ላይ ሆኖ፣ በቀዩ በጀርባው ባሉት ሁለት ትንንሽ ብረቶች ላይ ተራ በተራ ይለካ። አንዱ ላይ 12፣ ሌላው ላይ ዜሮ ከሆነ ተቃጥሏል። ያለምክንያት ግን አይቃጠልምና በትልቅ ፊውዝ መተካት ሽቦውን ለእሳት መስጠት ነው።

ቀጥሎ ሪሌው። ከረንት በሚገባበት እግር፣ በቁጥር 30 ላይ፣ ቮልት መኖር አለበት፤ በአንዳንድ መኪና የሚመጣው ቁልፍ ሲከፈት ነው። 85 እና 86 ኮንታክቱን የሚስበው ጠምጣማ እግሮች ናቸው፤ በአንዱ 12 ቮልት ይመጣል፣ ሌላውን ኮምፒውተሩ ወደ ማሳ (ከባትሪ ኔጌቲቭ ጋር ወደተያያዘው የመኪናው አካል) ያወርደዋል። ይህን የኮምፒውተር መስመር በሜትር ብቻ ይፈትሹ፤ አምፖሉ የሚስበው ከረንት የኮምፒውተሩን ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። ሪሌው «ጠቅ» ማለቱ ኮንታክቱ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። ሪሌውን ነቅሎ 30ን ወደ ፓምፑ ከሚወጣው ከ87 ጋር ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ባለው ሽቦ ማገናኘት ነገሩን ይለያል፤ ፓምፑ ከሠራ ችግሩ ሪሌው ወይም ትእዛዙ ነው፣ ካልሠራ ከ87 ወደ ኋላ ያለው መስመር ወይም ራሱ ፓምፑ።

ከዚያ የኋላ ወንበር ይነሳል፤ ቪትዝን ጨምሮ በብዙ ትንንሽ መኪኖች የፓምፑ ሶኬት እዚያ ስር ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ አምፖሉ በፓምፑ ፖዘቲቭና ማሳ መካከል ይገባ። ሽቦዎቹ ሞተሪኖው ከመዞሩ በፊት ጠብቀው ይታሰሩ፣ የሰልባትዮው ክዳን አይከፈት፣ ብልጭታ ከቤንዚን ሽታ ይራቅ። አምፖሉ በደንብ ከበራ ፓምፑን መጠርጠር ይቻላል። ከደበዘዘ፣ አምፖሉ እንደበራ ከማሳው እግር እስከ ባትሪ ኔጌቲቭ በሜትር ይለካ፤ ግማሽ ቮልት ከበለጠ ማሳው ዝጓል። ይህ ጥምረት፣ አምፖሉ ሲጭን ሜትሩ ሲያይ፣ ከውድ መሣሪያ ያነሰ ውጤት አይሰጥም።

በአዲስ አበባ መኪኖች ላይ ሳይፈተሽ የማይታለፍ ሌላ ቦታ አለ፤ በኋላ የተገጠመ አላርም ወይም ጂፒኤስ። መኪናውን ከሌባ ለማስቆም ብዙ ጊዜ የፓምፑ ወይም የቁልፉ ሽቦ ተቆርጦ ትንሽ ሪሌ ይገባበታል፣ መገጣጠሚያውም ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ ይጠቀለላል። ናስትሮው ሲላቀቅ መኪናው አንድ ቀን ይነሳል፣ አንድ ቀን እምቢ ይላል። ከክሩስኮቱ ስር በፋብሪካ ያልተጠቀለለ ሽቦ ከታየ ፍለጋው ከዚያ ይጀመር።

ወደ ሜትሯ ጉድለት ስንመለስ፣ ከሁሉ የከፋው የ10 አምፔር ቀዳዳዋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ፊውዝ የለውም። አምፔር ለክቶ ቀዩን ገመድ እዚያው ረስቶ ባትሪ ላይ ቮልት ለመለካት መሞከር ባትሪውን በቀጥታ ማገናኘት ነው፤ ገመዱ ይቀልጣል፣ እጅም ይቃጠላል። ገመዶቿም ቀጫጭን ናቸው፤ ጫፋቸው ጋ ይበጠሱና መስመሩ የተቋረጠ ያስመስላሉ። የውስጧ 9 ቮልት ባትሪ ሲደክም ደግሞ ከእውነተኛው በላይ ታነባለች፤ 12 ቮልት ባትሪ ላይ 14 እና 15 ካሳየች መጀመሪያ የራሷን ባትሪ ቀይሩ።

ሱቅ ላይ ሳይከፈል በፊት 200 ኦም ላይ አድርጎ ሁለቱን ጫፍ ማነካካት፤ ንባቡ ከ1 ኦም ብዙ ሳይርቅ ይርጋ። ገመዱ ሲወዛወዝ ቁጥሩ ከዘለለ ሌላ ይጠየቅ። ድምፅ የምትሰጥ ዓይነት ካለች እሷ ትመረጥ፤ ከወንበር ስር ተጎንብሶ ስክሪን ማየት አይመችም። በየቀኑ መኪና ለሚሠራ ጋራዥ ግን የ10 አምፔር ቀዳዳው ፊውዝ ያለውን ከፍ ያለ ሜትር መግዛቱ ይሻላል።