አንድ ሰፕሬሰር ለሁለት ጠመንጃ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ሰፕሬሰር፣ ማለትም አፈሙዝ ላይ የሚታሰር የድምፅ ማፈኛ፣ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ይቀንሳል?» ብሎ ነው። ካርቶኑ ላይም በትልቁ የሚጻፈው እሱ ነው። ወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ ግን የሚያማክረኝ ሰው ሲመጣ ቀድሜ የማነሳው ሌላ ነው። ስንት ይመዝናል? ጠመንጃው ላይስ በምንድነው የሚታሰረው?

የምኖረው ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ነው። ሁለት ጠመንጃ አለኝ። አንዱ ለአጋዘን የማወጣው .308 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ቦልት አክሽን፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የሚቀባበል ነው፤ በርሜሉ 20 ኢንች። ሌላው 5.56 የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚተኩስ፣ ራሱ የሚቀባበል ኤአር-15 ነው፤ እሱ ሌሊት ለዱር አሳማ ነው። እዚህ አገር የዱር አሳማ መቅሰፍት ነው። ማሳውን እየገለበጠ ገበሬውን ያስለቅሳል። እ.ኤ.አ. ከ2019 መስከረም ጀምሮ በግል መሬት ላይ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ያለ አደን ፈቃድ ማደን ይቻላል። ሥጋውን እኛ ስለማንበላው ለእርሻው ባለቤት ትቼለት እመጣለሁ፤ ወዳጅነታችንም በዚሁ ጠንክሯል።

ለሁለቱ ጠመንጃ ሁለት ማፈኛ መግዛት አልፈለግኩም። አንድ ሁሉን ቻይ ይበቃል ወይ የሚለው ነበር ጥያቄዬ። መልሱን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ይበቃል። ግን በነፃ አይደለም፤ አንዱን ስታገኙ ሌላውን ትለቃላችሁ።

የገዛሁትን ምርት ስም አልጠራም። ማስታወቂያ እንዳይመስል ነው፤ ደግሞም እዚህ ላይ ከማርካው ይልቅ ዓይነቱ ነው የሚወስነው። የእኔ ባለ 30 ካሊበር ነው፤ ማለትም እንደ .308 ላለ ጥይት ውፍረት የተሠራ። ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ርዝመቱ 7 ኢንች፣ ክብደቱ ከ400 ግራም ትንሽ ከፍ ይላል። ውስጡ በብየዳ የተዘጋ ነው፤ ተፈትቶ አይታጠብም። ዋጋው ከ1000 ዶላር ትንሽ ያነሰ ነበር።

ለምን 30 ካሊበር? ነገሩ ቀላል ነው። ትንሿ ጥይት በትልቁ ቀዳዳ ታልፋለች፤ ትልቋ በትንሹ አታልፍም። የ5.56 ጥይት ውፍረቷ 5.7 ሚሊሜትር ነው፤ የ.308 ደግሞ 7.8። ለ5.56 ብቻ በተሠራ ማፈኛ .308 የተኮሰ ሰው ዕቃውን በተነ ማለት ነው፤ ራሱም ከተረፈ እድለኛ ነው። የ30 ካሊበሩ ግን ለሁለቱም ይሆናል። ቀዳዳው ለ5.56 ሰፋ ስለሚል ትንሽ ጋዝ ያመልጣል፣ ድምፁም ልኩ ከተሠራለት ማፈኛ ትንሽ ይጮኻል። እኔ በጆሮዬ ልዩነቱን መለየት አልቻልኩም። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት የአምራቹን መመሪያ እዩ። የትኞቹን ጥይቶች እንደሚችል፣ በርሜሉም ቢያንስ ስንት ኢንች መሆን እንዳለበት ይጽፋሉ። አጭር በርሜል ማፈኛ ይበላል።

ወደ ድምፁ ልምጣ። ያለ ማፈኛ .308 ሲተኮስ ከ160 ዴሲቤል በላይ ነው። አንዴ እንኳ ቢሰማ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል የሚባለው 140 ነው። ጥሩ ማፈኛ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ይቀንሳል። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይቆጠርም፤ 10 በቀነሰ ቁጥር የድምፁ ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፣ 30 ሲቀንስ ወደ አንድ ሺኛ። ቁጥሩ ሲነገር ትልቅ ነው። ግን ፊልም ላይ እንደምናየው «ፒው» ብሎ የሚቀር ድምፅ እንዳትጠብቁ። ጎረቤት ይሰማል።

ለምን ቢባል ጥይቷ ራሷ ከድምፅ ትፈጥናለች። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ሲሄድ የ.308 ጥይት ከአፈሙዝ የምትወጣው ከ800 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። አየሩን ሰንጥቃ ስታልፍ የምታሰማውን ጩኸት የትኛውም ማፈኛ አያስቀረውም። ቡሄ ላይ ጅራፍ ያጮኸ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ የጅራፉ ጫፍ ጧ የሚለው ከድምፅ ፈጥኖ ስለሚሄድ ነው። ማፈኛው የሚይዘው የባሩዱን ፍንዳታ ብቻ ነው። ጋዙ በውስጡ ካሉት ክፍሎች ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሽሎከለከ ይበርዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወጣል። በእርግጥ ጸጥ ያለ ነገር የሚፈልግ ሰው ከድምፅ የምትዘገይ ጥይት ያስፈልገዋል። አብሮኝ የሚያድን ጓደኛዬ .300 ብላክአውት የሚባለውን፣ እንዲህ ያለ ዘገምተኛ ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ያለው ለዚህ ነው። እሱ ሲተኩስ ከጥይቷ ይልቅ የቦልቱ መንቋቋት ነው የሚሰማው። ግን ያቺ ጥይት ከባድና ዘገምተኛ ናት፤ ርቀት ሲጨምር ቶሎ ትወርዳለች።

ስለዚህ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ሜዳ) ላይ አሁንም ጆሮዬን እሸፍናለሁ። አደን ላይ ደግሞ የንግግር ድምፅ የሚያስገባ፣ ተኩስ ሲመጣ የሚዘጋ ኤሌክትሮኒክ መከላከያ አደርጋለሁ። አንድ የታዘብኩት ነገር፣ የዕለቱ የመጀመሪያ ጥይት ከቀጣዮቹ ትጮኻለች። ማፈኛው ውስጥ ያለው አየር ኦክስጅን ስላለው ጋዙ እዚያው ይነድዳል። አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ኦክስጅኑ ስለሚያልቅ ድምፁ ይረጋጋል። በጨለማ ሲሆን ብልጭታውም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያዋ ትታያለች፣ ሌሎቹ እምብዛም።

እኔ ላይ ትልቁ ለውጥ የመጣው በትከሻዬ ነው። የ.308 ግፊት በግልጽ ቀንሷል። ቃታ ስስብ ዓይኔን መጨፈን ትቻለሁ። ድንጋጤው ሲቀር ኢላማ ራሱ ይስተካከላል። አገር ቤት ሠርግ ላይ ምንሽር ሲተኮስ ጆሮዬን ይዤ ከምሮጥ ልጆች አንዱ ስለነበርኩ ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም።

አሁን ክብደቱ። 400 ግራም እጅ ላይ ሲይዙት ምንም አይደለም። ከጠመንጃ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ግን ሌላ ነው። ቦልት አክሽኑን ከረጢት ላይ አስደግፌ ስተኩስ እንዲያውም ጠቅሞኛል፤ አፈሙዙ አይዘልም። የአጋዘን መጠበቂያ ጎጆ ውስጥ ስገባ ነው ጣጣው። 20 ኢንች በርሜል ላይ 7 ኢንች ሲጨመር መስኮቷ ጠበበችኝ። ጠመንጃውን ከግራ ወደ ቀኝ ሳዞር ማፈኛው የመስኮቱን ጠርዝ ይገጨዋል። የማፈኛው ቀለም አንድ ጎን ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል። አጋዘን ደግሞ ያቺን «ቋ» የምትል ድምፅ ከሩቅ ነው የሚሰማት።

ኤአሩ ላይ ይብሳል። ሌሊት ማሳ ውስጥ ጠመንጃ ይዞ መንከራተት አለ። ሰዓቱ ሲገፋ ግራ ክንዴ ይዝላል፣ አፈሙዙ ወደ መሬት ይወርዳል። ቲታኒየም ቢሆን ኖሮ መቶ ግራምና ከዚያ በላይ ይቀልልኝ ነበር። ቲታኒየም ግን አከታትሎ ለሚተኩስ አይመችም፤ በጣም ሲግል ይደክማል፣ የእሳት ፍንጣሪም ይረጫል። አጋዘን ብቻ ለሚያድን፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ለሚተኩስ ሰው ዓይኔን ሳላሽ ቲታኒየም ግዛ እለዋለሁ። እኔ አሳማ ስለማባርር ብረቱን መረጥኩ፤ ክንዴ እየከፈለ ነው።

ቀጥሎ ማሰሪያው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው አያስብበትም። አሜሪካ ውስጥ የ.308 በርሜል ጫፍ ማሰሪያ የሚጠመዘዝበት ጥርሱ ብዙውን ጊዜ 5/8 በ24 ነው (ውፍረቱ በኢንች፣ ቀጥሎ በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉት ጥርሶች ብዛት)፤ የ5.56 ደግሞ 1/2 በ28። አይገጣጠሙም። ማፈኛው ሲመጣ በቀጥታ የሚጠመዘዝ ማሰሪያ ነበረው፣ ለ.308 ብቻ። እሱም ስተኩስ ቀስ በቀስ ይላላል። ጥቂት ተኩሶ በእጅ ማጥበቅ ግድ ነው። የላላ ማፈኛ ኢላማ ያዛባል፤ አልፎም ጥይቷ ውስጡን ልትነካው ትችላለች።

ደግነቱ የማፈኛው ጀርባ 1-3/8 በ24 የሚባለው ጥርስ ነው ያለው። ብዙ አምራቾች የተስማሙበት ልክ ስለሆነ የሌላ ድርጅት ማሰሪያም ይገጥመዋል። እኔ ሾጠጥ ብሎ የሚቀመጠውን፣ ፈጥኖ የሚፈታውን ዓይነት ገዛሁ። በየጠመንጃው አፍ ላይ አንድ አንድ ብሬክ (ማፈኛው የሚያያዝበት የአፈሙዝ ቁራጭ) በቋሚነት ታስሯል፤ ማፈኛው ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። ከዚያ ወዲህ ላልቶ አያውቅም። ወጪው ግን ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም፤ ማሰሪያውና ሁለቱ ብሬኮች ተደምረው ከ300 ዶላር በላይ ወስደዋል። በጀት ስትይዙ ይህን አብራችሁ ቁጠሩ። አዲስ ጠመንጃ ላይ መጀመሪያ ስታስሩት ደግሞ በቀጭን ቀጥ ያለ የመለኪያ ዘንግ ቀዳዳው መሃል መሆኑን እዩ። ዘንጉ ርካሽ ነው።

ማፈኛ ሲታሰር ጥይት የምታርፍበት ቦታ ይቀየራል። ይህ ጉድለት አይደለም፣ የሁሉም ጠባይ ነው። የእኔ .308 በ100 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ተኩል ዝቅ ይላል፣ ትንሽም ወደ ቀኝ። ዋናው ነገር ሁልጊዜ እዚያው ላይ መሆኑ ነው። ፈትቼ ሳስረውም አልተለወጠም። ቁጥሩን በፕላስተር ጽፌ ሰደፉ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ኤአሩ ላይ ያልወደድኩት ነገር ጋዝ ነው። ማፈኛው ጋዙን ስለሚያዘገየው ከፊሉ ወደኋላ ይመለሳል። በከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ላይ ይህ ጋዝ በመቀባበያው በኩል ፊት ላይ ይመጣል። ዓይን ያቃጥላል። ቦልቱም ከልክ በላይ እየፈጠነ ይመታል፣ ውስጡ በአንድ ምሽት ጥላሸት ይሞላል። መጠኑ የሚስተካከል የጋዝ ብሎክ (ወደ ቦልቱ የሚሄደውን ጋዝ የሚመጥን ክፍል) አስገጥሜ ከበድ ያለ በፈር (የቦልቱን ምት የሚያለዝብ ክብደት) ጨመርኩበት፤ ብዙ ተሻሽሏል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ቦልት አክሽኑ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ሙቀቱም የዋዛ አይደለም። አከታትዬ አንድ ካርታ ጥይት ከጨረስኩ በኋላ ማፈኛው በባዶ እጅ አይነካም። ጃኬቴን አንዴ ነክቶት ናይለኑ ቀልጦ ተጣብቆበታል። ሌሊት በሙቀት መነፅር ስመለከት ደግሞ ከእይታዬ ሥር ነጭ እብጠት ይታያል፤ የጋለው ማፈኛ ነው። ሙቀት የሚችል ልብስ ሲደረግለት ይቀንሳል። ልብሱ ግን ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ተኩስ ሲበዛ አወልቀዋለሁ።

ጽዳቱ እንደፈራሁት አይደለም። የትልቅ ጠመንጃ ጋዝ ሞቃትና ኃይለኛ ስለሆነ ብዙውን ቆሻሻ ራሱ ጠርጎ ያወጣዋል። ስገዛው ወጥ ቤት ባለው የዱቄት ሚዛን መዝኜው 412 ግራም ነበር። ከአደን ወቅቱ በኋላ 421 መጣ። ዘጠኝ ግራም ካርቦን ነው፤ አያሳስብም። .22 የምትባለውን ትንሿን የእርሳስ ጥይት ግን በዚህ ማፈኛ አልተኩስም። ያቺ ቆሻሻ ናት፤ እርሳሷ ውስጡ ይጋገራል፣ የማይፈታ ዕቃ ውስጥ ደግሞ ማውጫ የለውም። የማሰሪያው ጥርስ ላይ ግን ካርቦን እንዳይቆልፈው በየጊዜው እጠርገዋለሁ።

ከወረቀቱ ጣጣ ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1934 በወጣው ሕግ መሠረት ማፈኛ ይመዘገባል። ፎርም 4 ይሞላል፣ የጣት አሻራና ፎቶ ይሰጣል፣ ፈቃዱ እስኪመጣ ዕቃው ሱቁ ውስጥ ይቀመጣል። 200 ዶላር የነበረው ግብር እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል። ምዝገባው ግን አልቀረም። እኔ የገዛሁት ከዚያ በፊት ስለሆነ ከፍያለሁ፤ ከእኔ በኋላ የገዛው ጓደኛዬ አምስት ሳንቲም አላወጣም፣ ባገኘኝ ቁጥርም ያስታውሰኛል። ያስመዘገብኩት በትረስት ነው፤ ማለትም ከአንድ በላይ ሰው ዕቃውን በጋራ እንዲይዝ በሚያስችል ሕጋዊ ሰነድ። በግል ስም ቢሆን እኔ ቤት በሌለሁበት ባለቤቴ እጅ መግባቱ ችግር ያመጣ ነበር። አሁን የእሷም አሻራ ገብቷል።

ማፈኛ በ42 ክፍለ ግዛቶች ይፈቀዳል። ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ያላችሁ እርሱት። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው ሊኖረው ይችላል፤ መስመሩን አልፎ ዲሲ ይዞት መግባት ግን አይችልም። ኖርዌይ ያለ ዘመዴ በዚህ ሁሉ ይስቃል፤ እነሱ ዘንድ አዳኝ ሱቅ ገብቶ ገዝቶት ይወጣል። «አገር ቤት ልውሰደው?» ብሎ የጠየቀኝም ሰው አለ። አይሆንም። ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአሜሪካ ማስወጣት ከባድ ወንጀል ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ተረስቶ ቢገኝም ማንም «ረሳሁት» አይሰማም።

ዛሬ ብገዛ? 30 ካሊበርነቱን አልቀይርም። አጠር ያለውን፣ ከ6 ኢንች የማይበልጠውን እወስድ ነበር። ትንሽ ይጮህብኝ ይሆናል፤ የጎጆዋ መስኮት ግን ትበቃኛለች። እዚህ የአጋዘን ወቅት የሚከፈተው በኖቬምበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው፤ የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባ ደግሞ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ሆኖ ገናን ይጠብቃል። ከጾሙ በፊት ያለችኝ ሦስት ሳምንት ገደማ ስለሆነች፣ ማፈኛው መስኮት ገጭቶ አጋዘን የሚያስበረግግበት ጊዜ የለኝም።